የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ ጉበት ውስጥ ግማሽ ሚሊሜትር ምን ያህል ይለውጣል?

ስለ ጉበት የደረሱንን ጥያቄዎች በዚህ እትም አንድ ላይ አድርገናቸዋል። ጠያቂዎቹ ታካሚ፣ ተማሪ፣ ነርስ፣ ፋርማሲስትና ተመራማሪ ቢሆኑም ሁሉም የሚነኩት አንድ ጉዳይ ነው፤ አንድ የጉበት ህዋስ ምን እንደሚሠራና ምን እንደሚገድለው በአብዛኛው የሚወስነው በደሙ መንገድ ላይ የተቀመጠበት ቦታ ነው።

ጥያቄ፦ ከጉበቴ በመርፌ በተወሰደው ናሙና ውጤት ላይ «ስቡ በአብዛኛው ቀጠና 3 ላይ ነው» ተብሎ ተጽፏል። ይህ ቀጠና የትኛው የጉበቴ ክፍል ነው? በቀኝ ነው በግራ? በአልትራሳውንድስ ላይ ለምን አልተጠቀሰም?

መልስ፦ በቀኝም በግራም አለ። የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ጉበትን በ8 ክፍሎች ይቆጥራሉ፤ እሱ ለመቁረጥ የሚያመች ሌላ አከፋፈል ነው። የእርስዎ ውጤት የሚያወራው በማይክሮስኮፕ ስለሚታይ ነገር ነው። ጉበት ሎቢዩል በሚባሉ ጥቃቅን ባለስድስት ጎን ክፍሎች የተሞላ ነው። የአንዱ ስፋት ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። በየማዕዘኑ ሦስት ቱቦዎች አብረው ይጓዛሉ፦ ከአንጀት የሚመጣውን ደም የሚያደርሰው የፖርታል ደም መልስ፣ ኦክስጅን የበዛበትን ደም የሚያመጣው ደም ቅዳ፣ እና የሐሞት ቱቦ። የሎቢዩሉ መሃል ላይ ማዕከላዊ ደም መልስ አለ። ደሙ ከማዕዘኖቹ ተነስቶ በህዋሳቱ ረድፎች መካከል እየተንሸራሸረ ወደ መሃል ይሄዳል። ሐሞቱ በተቃራኒው ከመሃል ወደ ማዕዘን ይወርዳል።

ደሙ መጀመሪያ የሚነካቸው ህዋሳት ቀጠና 1፣ ቀጥለው ያሉት ቀጠና 2፣ በመጨረሻ በማዕከላዊው ደም መልስ ዙሪያ ያሉት ቀጠና 3 ይባላሉ። ይህን አቆጣጠር በ1954 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ተመራማሪው ራፓፖርት ነው። ነገሩ እንደ መስኖ ቦይ ነው፤ ከላይ ያለው ማሳ ያልተነካውን ውሃ ያገኛል፣ ከታች ያለው ግን ከላይኛው የተረፈውንና ላይኛው የጨመረበትን ይቀበላል። የኦክስጅን ግፊት ቀጠና 1 ላይ ከ60 እስከ 65 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ ነው፤ ቀጠና 3 ሲደርስ ወደ 30 ወይም 35 ይወርዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው።

ስቡ ቀጠና 3 ላይ የተከማቸው በአጋጣሚ አይደለም። ስብን በኦክስጅን አቃጥሎ ኃይል የማውጣት ሥራ ወደ ቀጠና 1 ያጋድላል። ከስኳር ስብ የመሥራቱ ሥራ ደግሞ ወደ ቀጠና 3 ያጋድላል። ኢንሱሊን ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ፣ ብዙ ስብ የሚሠሩትና ጥቂት የሚያቃጥሉት ህዋሳት ቀድመው ይሞላሉ። በአዋቂዎች ከአልኮልም ሆነ ከስኳርና ከውፍረት ጋር የተያያዘው የጉበት ስብ ብዙውን ጊዜ ከዚያ የሚጀምረው ለዚህ ነው። ልጆች ላይ ግን ስቡ በማዕዘኖቹ ዙሪያ የሚበረታበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ የልጅን ውጤት በአዋቂ ልማድ ማንበብ ያሳስታል።

አልትራሳውንድ የሚያየው አጠቃላይ የስብ ብዛትን እንጂ የግማሽ ሚሊሜትር ልዩነትን አይደለም። ናሙናውም ቢሆን ከጉበቱ 50 ሺህኛ ያህሉ ብቻ ነው። ስለዚህ ርዝመቱን ይጠይቁ። ከ1.5 ሴንቲሜትር ካነሰ ወይም ብዙ ማዕዘኖች ካልታዩበት (11 እና ከዚያ በላይ ቢሆኑ ይመረጣል) ጠባሳው ምን ደረጃ ላይ እንደደረሰ በእርግጠኝነት መናገር ይከብዳል።

ጥያቄ፦ መጽሐፋችን ጉበት ግሉኮስ ይሠራል፣ ግሉኮስ ይሰብራልም ይላል። አንዱ ህዋስ ሁለቱን በአንድ ጊዜ የሚሠራ ከሆነ ጉልበቱን በከንቱ አይጨርስም?

መልስ፦ ይጨርሳል፤ ጥያቄው ትክክለኛ ቦታ ላይ ነው የገባው። ከሁለት ላክቴት አንድ ግሉኮስ ለመሥራት 6 ኤቲፒ (የህዋሱ የጉልበት መገበያያ) ይወጣል። ያንኑ ግሉኮስ መልሶ ወደ ላክቴት መስበር ግን 2 ብቻ ያስገኛል። በአንድ ዙር 4 ኤቲፒ ይከስራል ማለት ነው። ጉበት ይህን ኪሳራ የሚያስወግድበት አንዱ መንገድ ሥራውን በቦታ መለየት ነው። ግሉኮስን ከላክቴትና ከአሚኖ አሲድ የሚሠሩት ኢንዛይሞች፣ ለምሳሌ ፔፕሲኬ እና ግሉኮስ-6-ፎስፋቴዝ፣ በቀጠና 1 ይበዛሉ፤ ሥራው ብዙ ኤቲፒ የሚፈልግ በመሆኑ ኦክስጅን ያለበት ቦታ ይስማማዋል። ግሉኮስን ይዞ የሚያስቀረው ግሉኮካይኔዝ ግን በቀጠና 3 ይበዛል፤ እዚያ ኦክስጅን ባነሰበትም ስኳርን መስበር ይቻላል።

ከዚህ አልፎ ግን ቀጠናዎቹን በግድግዳ እንደታጠሩ ክፍሎች አትያዛቸው። ተማሪዎች ፈተና ላይ የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ልዩነቱ ቀስ እያለ የሚሄድ ነው፤ ከአንዱ ህዋስ ወደ ጎረቤቱ ድንገት አይቆረጥም። ደግሞም ይንቀሳቀሳል። ሰውነት ሲራብ ፔፕሲኬ ወደ መሃል ይስፋፋል፣ ምግብ ሲገባ ተመልሶ ይሰበሰባል። ግላይኮጅንም (የስኳር ክምችት) በሁሉም ቀጠና ይከማቻል፣ መነሻው ግን ይለያያል፦ በቀጠና 1 ብዙው ከላክቴትና ከአሚኖ አሲድ የመጣ ነው፣ በቀጠና 3 በቀጥታ ከግሉኮስ። በ2017 እ.ኤ.አ. የእያንዳንዱን የአይጥ ጉበት ህዋስ ዘረ-መል ለየብቻ ያነበበ ጥናት፣ ጉበት ውስጥ ከሚሠሩት ዘረ-መሎች ግማሽ ያህሉ በቦታ እንደሚለያዩ አሳይቷል። የመሃከለኛው ቀጠና 2 እንኳ የራሱ ነገር አለው፤ የብረት መጠንን የሚቆጣጠረው ሄፕሲዲን ከፍ የሚለው እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ጉበታቸው የተጎዳ ሕሙማን አሞኒያቸው ሲጨምር አያለሁ። «ዩሪያ ዑደት ስለደከመ ነው» ይባላል። ይህ ብቻ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ግማሹ ታሪክ ነው። አሞኒያ ሁለት ኬላ ያልፋል። የመጀመሪያው አሞኒያን ወደ ዩሪያ የሚለውጠው የቀጠና 1 ዩሪያ ዑደት ነው። የመያዝ አቅሙ ትልቅ ቢሆንም ጥቂት አሞኒያ ሲመጣ አይቀናውም፤ የመጀመሪያው ኢንዛይሙ ካርባሞይል ፎስፌት ሲንቴዝ በደንብ የሚሠራው አሞኒያው ከ1 እስከ 2 ሚሊሞላር አካባቢ ሲደርስ ነው። ስለዚህ የተወሰነ አሞኒያ ሳይያዝ ያልፋል። ያን ያመለጠውን የሚለቅመው ግሉታሚን ሲንቴቴዝ ነው። ኢንዛይሙ ያለው በማዕከላዊው ደም መልስ ዙሪያ በሚገኙ አንድ ወይም ሁለት ረድፍ ህዋሳት ብቻ ነው። በ1983 እ.ኤ.አ. ይህ ሲታይ አስገራሚ ነበር፤ ቀጣዩ ረድፍ ላይ ኢንዛይሙ የለም፣ ቀስ ብሎ መቀነስ እንኳ አይታይበትም። ከላይ «ልዩነቱ ቀስ እያለ ይሄዳል» ላልነው ዋናው ልዩ ሁኔታ ይህ ነው።

እነዚህ ህዋሳት ከጉበት ህዋሳት 7 በመቶ ገደማ ቢሆኑ ነው። አሞኒያው ወደ ልብ ከመግባቱ በፊት ያለው የመጨረሻው ኬላም እነሱ ናቸው። ማዕከላዊውን ደም መልስ የሚያጠቃ ጉዳት፣ ለምሳሌ የልብ ድካም የፈጠረው የደም መታቆር ወይም ከባድ የመድኃኒት መመረዝ፣ የዩሪያ ዑደቱ ገና ደህና ሳለ ይህን ሁለተኛ ኬላ ሊያፈርስ ይችላል። ሲርሆሲስ (ጉበትን ያዳረሰ ጠባሳ) ሲመጣ ደግሞ የሎቢዩሉ ቅርጽ ራሱ ይጠፋል፤ ደሙ ህዋሳቱን ሳይነካ በአቋራጭ ያልፋል። ያኔ ጡንቻ በራሱ ግሉታሚን ሲንቴቴዝ ከፊሉን አሞኒያ ይይዛል። ሐኪሞች የጉበት ሕመምተኛ ጡንቻው እንዳይሟሽሽ የሚጨነቁት፣ ፕሮቲንም ዝም ብሎ እንዳይቀነስ የሚመክሩት ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ህዋሱ የት እንዳለ በምን ያውቃል? ኦክስጅኑ ብቻ ነው የሚነግረው?

መልስ፦ ኦክስጅን፣ ኢንሱሊን፣ ግሉካጎንና የንጥረ ነገር መጠን ሁሉም ድርሻ አላቸው፤ ዋናው ምልክት ግን የሚመጣው ከማዕከላዊው ደም መልስ ግድግዳ ነው። እዚያ ያሉት ህዋሳት ዊንት2 እና ዊንት9ቢ የተባሉ ፕሮቲኖችን ያመነጫሉ። ፕሮቲኖቹ ሩቅ አይሄዱም። የሚደርሱበት ህዋስ ውስጥ ቤታ ካቴኒን የተባለ ፕሮቲን ይነቃና የቀጠና 3 ዘረ-መሎችን ያስነሳል። በቀጠና 1 ህዋሳት ደግሞ ኤፒሲ የተባለው ፕሮቲን ይህንኑ መንገድ ይዘጋል። በ2006 እ.ኤ.አ. በአይጦች ላይ ኤፒሲ ሲጠፋ መላው ሎቢዩል የቀጠና 3 መልክ ያዘ፤ ግሉታሚን ሲንቴቴዝ በየቦታው በቀለ። ቤታ ካቴኒን ሲጠፋ ደግሞ የመሃሉ የግሉታሚን ሲንቴቴዝ ቀለበት ጠፋ።

ፓቶሎጂስቶች (ናሙናን በማይክሮስኮፕ የሚመረምሩ ሐኪሞች) ይህን በየቀኑ ይጠቀሙበታል። በደህና ጉበት ላይ የግሉታሚን ሲንቴቴዝ ማቅለሚያ በመሃሉ ደም መልስ ዙሪያ ቀጭን ቀለበት ይሠራል። ፎካል ኖዱላር ሃይፐርፕላዝያ የተባለው አደገኛ ያልሆነ እብጠት ላይ ግን ሰፋፊ፣ እርስ በርስ የተያያዙና ካርታ የመሰሉ ቀለማት ይታያሉ። ከአንዳንድ አደገኛ ሊሆኑ ከሚችሉ እብጠቶች የሚለየውም በዚህ ነው።

ጥያቄ፦ በፓራሲታሞል መመረዝ ለምን መሃሉ ብቻ ይሞታል? መድኃኒቱ መጀመሪያ የሚደርሰው ቀጠና 1 ጋ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ፓራሲታሞሉ ራሱ መርዝ ስላልሆነ ነው። በተለመደው መጠን አብዛኛው ከሰልፌት ወይም ከግሉኩሮኒክ አሲድ ጋር ተያይዞ በሽንት ይወጣል። ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆነው ግን ሲዋይፒ2ኢ1 በተባለው ኢንዛይም ናፕኪ ወደተባለ ተናካሽ ነገር ይለወጣል። ይህ ኢንዛይም የሚበዛው ቀጠና 3 ላይ ነው። ናፕኪን የሚያረክሰው ግሉታታዮን ደግሞ እዚያው ያንሳል። መርዙ በብዛት የሚሠራበትና ማርከሻው የሚያንስበት ቦታ አንድ ሆኑ ማለት ነው። መጠኑ ሲበዛ የሰልፌቱ መንገድ ይሞላል፣ ወደ ናፕኪ የሚሄደው ድርሻ ያድጋል። ግሉታታዮን ከተለመደው ወደ 30 በመቶ ገደማ ሲወርድ ናፕኪ የህዋሱን ኃይል የሚያመነጨውን የሚቶኮንድሪያ ፕሮቲኖች ይይዛል፤ ህዋሱም ኃይል አጥቶ ይሞታል።

በማይክሮስኮፕ ሲታይ በቀላል መመረዝ ከመሃሉ ደም መልስ አጠገብ ያሉት ጥቂት ረድፎች ብቻ ሞተው ይገኛሉ። በከባዱ ሞቱ ከአንድ ሎቢዩል መሃል ወደ ቀጣዩ መሃል እንደ ድልድይ ይያያዝና በማዕዘኖቹ ዙሪያ ስስ ቀለበት ብቻ በሕይወት ይቀራል። አንድ ማስረጃ እንጨምር፤ ቤታ ካቴኒን የሌላቸው አይጦች ሲዋይፒ2ኢ1 ስለሚያንሳቸው ፓራሲታሞልን በጣም ይቋቋማሉ።

ለሥራዎ የሚጠቅመው ይህ ነው። ለጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም አይበልጥ። ብዙ ሰው የሚያልፈው ሆን ብሎ አይደለም፤ የጉንፋን ቅይጥ መድኃኒት ውስጥ ያለውን ፓራሲታሞል ሳይቆጥር ነው። ለረጅም ጊዜ አልኮል የሚጠጣ ሰው ሲዋይፒ2ኢ1 ይበዛበታል፣ የተራበ ሰው ግሉታታዮኑ ያንሳል፤ ለሁለቱም ጣሪያው ዝቅ ይበል። ማርከሻው አሴቲልሲስቲን ግሉታታዮንን መልሶ ለመሥራት የሚያስፈልገውን ሲስቲን ይሰጣል። በደም ስር ሲሰጥ የተለመደው አሰጣጥ በኪሎ 150 ሚሊግራም በመጀመሪያው ሰዓት፣ ቀጥሎ 50 ሚሊግራም በ4 ሰዓት፣ ከዚያ 100 ሚሊግራም በ16 ሰዓት ነው። ከተወሰደ በ8 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ጉበቱ በአብዛኛው ይተርፋል። አደጋው ሰውየው በመጀመሪያው ቀን ደህና መምሰሉ ነው፤ የጉበት ኢንዛይሞች በደም ውስጥ ጎልተው የሚታዩት ከ24 ሰዓት በኋላ፣ ጣሪያ የሚነኩት ከ72 እስከ 96 ሰዓት ነው። ምልክት እስኪታይ መጠበቅ የማርከሻውን ጊዜ ማባከን ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሁሉም መርዝ መሃሉን ነው የሚገድለው?

መልስ፦ አይደለም። ካርቦን ቴትራክሎራይድ እና የኦክስጅን እጥረት መሃሉን ይመታሉ። አላይል አልኮል እና ከመጠን ያለፈ የብረት ክኒን ግን ቀጠና 1ን ይመታሉ። ከምግብ የሚገባ ብረት በሄሞክሮማቶሲስ (ሰውነት ብረት አብዝቶ የሚያከማችበት በሽታ) የሚከማቸውም ከዚያው ጀምሮ ነው። ቢጫ ወባ ደግሞ ከሁለቱም ለየት ብሎ የመሃከለኛውን ቀጠና ይመርጣል። ጉዳቱ ሲያልፍ የሚተኩት ህዋሳትም ከአንድ ቦታ ብቻ አይመጡም። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተሙ ሁለት የአይጥ ጥናቶች ለዕለት ተዕለት መተካካት ትልቁ ድርሻ የቀጠና 2 መሆኑን አሳይተዋል፤ ምክንያቱም ቀላል ይመስላል፣ ዳር ያሉት ሁለቱ ሲመቱ ብዙ ጊዜ የሚተርፈው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ የቀጠና 1ን እና የቀጠና 3ን ህዋሳት ለይቼ ማጥናት እፈልጋለሁ። በዲጂቶኒን ሞክሬ ሁለቱም ናሙናዎች አንድ ዓይነት ሆኑብኝ። የት ሳትኩ?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ የሚሳተው ሰከንዶቹ ላይ ነው። ዲጂቶኒን በህዋስ ሽፋን ላይ ያለውን ኮሌስትሮል ይዞ ይበሳል፤ የነካው ህዋስ ሁሉ ይሞታል። በፖርታሉ በኩል ካስገባችሁት መጀመሪያ የሚያገኛቸውን የቀጠና 1 ህዋሳት ይገድላል፤ የሚቀሩት የቀጠና 3 ናቸው። በታችኛው ዋና ደም መልስ በኩል በተገላቢጦሽ ካስገባችሁት የሚቀሩት የቀጠና 1 ናቸው። ከአንድ እንስሳ የምታገኙት አንዱን ወገን ብቻ ስለሆነ ሁልጊዜ ጥንድ እንስሳ ያስፈልጋል።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ሁለቱንም ደም ስሮች በቱቦ ያዙ። ካልሲየም በሌለበት፣ ካልሲየም የሚይዝ ኢጂቲኤ ባለበት፣ በ37 ዲግሪ ሞቆ ኦክስጅን በተነፋበት ፈሳሽ ደሙን እጠቡ። ፍሰቱን አቁሙና ዲጂቶኒኑን ስደዱ፤ የጉበቱን ገጽ ዓይናችሁን ሳትነቅሉ ተመልከቱ። ነጣ ያሉ ነጥቦች ወይም መረቦች እኩል ተበትነው እንደታዩ ወዲያው በተቃራኒው አቅጣጫ አጥቡ። አቅጣጫ ለመቀየር ቧንቧ የምትፈልጉበት ሰዓት ካለ ልኬቱ ተበላሽቷል፤ መቀየሪያው አስቀድሞ መገጠም አለበት። ከዚያ ህዋሳቱን የሚያላቅቀው፣ ካልሲየም ያለበት ኮላጅኔዝ ይከተላል፤ ኢጂቲኤው ተጠርጎ ካልወጣ ካልሲየሙን ይይዝና ኮላጅኔዙ አይሠራም። የሞቱት ህዋሳት የለቀቁት ዲኤንኤ ያጣብቃል፤ ዲኤንኤዝ ይጨመር። በ50 ጂ ሁለት ሦስት ጊዜ አሽከርክራችሁ የሞቱትን በሚያቀልመው ትራይፓን ብሉ ቁጠሩ፤ በሕይወት ያሉት ከ80 በመቶ ካነሱ አትቀጥሉ።

ሁለቱ ናሙናዎች አንድ ከሆኑ ዲጂቶኒኑ አንሶ ነው ወይም በየሎቢዩሉ እኩል አልደረሰም። በዝቶ ከሆነ ደግሞ የሚቀረው የቀጠና 2 ህዋስ ብቻ ነው፤ ያኔም ይመሳሰላሉ። ለመለየት ምርታችሁን ተመልከቱ፦ ህዋሱ በጣም ጥቂት ከሆነ በዝቷል፣ እንደ ተራ ዝግጅት ብዙ ከሆነ አንሷል። የዲጂቶኒን ጥንካሬ ከማሸጊያ ማሸጊያ ስለሚለያይ አዲስ በመጣ ቁጥር እንደገና ሞክሩት። የማረጋገጫው ቀላሉ ግሉታሚን ሲንቴቴዝ ነው፤ በቀጠና 1 ናሙና ውስጥ ሊኖር አይገባም ማለት ይቻላል። በዲጂቶኒን ካልተመቻችሁ ህዋሳቱን በሽፋናቸው ምልክት በሶርተር (ህዋስ መለያ ማሽን) መለየት ይቻላል፦ ኢ-ካድሄሪን ለቀጠና 1፣ ሲዲ73 ለቀጠና 3።

ለይታችሁ ያገኛችኋቸውን ህዋሳት ሳህን ላይ አሳድራችሁ «የቀጠና 3 ህዋስ» እያላችሁ አትጻፉ። የዊንት ምልክት በሌለበት በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሲዋይፒ ኢንዛይሞቻቸው ይወርዳሉ። የፈሳሹን ጥልቀትም መዝግቡ፤ ማሳደጊያው 20 በመቶ ኦክስጅን ቢያሳይም ፈሳሹ ወፍራም ከሆነ ህዋሳቱ የሚጠቀሙት በፍጥነት ስለሆነ ከሥር የሚደርሳቸው በጣም ያነሰ ነው።

ጥያቄ፦ የትኛው ቀጠና እንደተጎዳ በደም ምርመራ ይታወቃል?

መልስ፦ በእርግጠኝነት አይታወቅም። ከጉበት ኢንዛይሞች ኤኤልቲ በቀጠና 1፣ ግሉታሜት ዲሃይድሮጂኔዝ በቀጠና 3 ይበዛሉ፤ ነገር ግን ጉዳቱ ሲከብድ ሁሉም ደም ውስጥ ይገባሉ። ኤኤስቲ የተባለው ሌላ ኢንዛይም ግማሽ ዕድሜ (በደም ውስጥ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ) 17 ሰዓት ገደማ፣ የኤኤልቲ 47 ሰዓት ገደማ ስለሆነ የሁለቱ ንጽጽር የሚነግረው ከቦታው ይልቅ ጊዜውን ነው። ሁለቱም በሺዎች ወጥተው ኤኤስቲ በቀናት ውስጥ ቀድሞ ከወረደ፣ የደም ግፊቱ ወርዶ ከነበረ፣ ኤልዲኤች የተባለው ኢንዛይምም አብሮ ከወጣ የኦክስጅን እጥረት ይጠረጠራል፤ ያ ደግሞ ቀጠና 3 ነው። ከዚያ በላይ እርግጠኛ ለመሆን ሕብረ ህዋሱ ራሱ መታየት አለበት።